የቲናፓ ሉምፒያ ሲበላሽ፦ ምክንያቱና መፍትሄው

ሉምፒያ ከቻይና ፉጂያን በሄዱ ሰዎች በኩል ፊሊፒንስ የገባ፣ እዚያም የቤት ምግብ ሆኖ የቀረ፣ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚጠበስ ምግብ ነው። በዓረብ አገር ከፊሊፒኖዎች ጋር ወጥ ቤት የተጋራ ሐበሻ በደንብ ያውቀዋል። ቲናፓ ደግሞ ጨው ውሃ ውስጥ ቆይቶ በጭስ የበሰለ ዓሣ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጋሉንጎንግ ወይም ባንጉስ የሚባሉት ዓሣዎች ናቸው። ዓሣው ደረቅ ነው፤ አብረውት የሚገቡት ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና የማሾ በቆልት ግን ውሃ ያዘሉ ናቸው። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ውሃ ነው።

ዘይት ውስጥ ይፈነዳል

አትክልቱ ውስጥ የቀረው ውሃ ሲግል እንፋሎት ይሆንና መውጫ ፍለጋ ስሱን ሊጥ ይቀደዋል። አትክልቱን በኃይለኛ እሳት፣ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ እያማሰላችሁ አብስሉት። መጥበሻው ከሞላ አትክልቱ መጠበሱ ቀርቶ በራሱ ውሃ ይቀቀላል። ከዚያ ወንፊት ላይ ዘርግታችሁ አጥልሉትና ሙሉ በሙሉ ይቀዝቀዝ፤ ትኩስ እያለ ከተጠቀለለ ሊጡን ከውስጥ ያርሰዋል። ለመጠቅለል መድረሱን ለማወቅ እፍኝ ያህል አንስታችሁ ጨመቅ አድርጉት። በጣቶቻችሁ መሃል ጠብ የሚል ነገር ካለ ገና ነው።

አሞላሉም ያፈነዳል። ለአንዱ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ጎንና ጎኑን አጥፋችሁ፣ አየር ሳታስቀሩ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉ፤ ጫፉን በውሃ ብቻ ሳይሆን ወፈር ተደርጎ በተበጠበጠ ዱቄት አጣብቁት። ዘይት ውስጥ ስትከቱ የተጣበቀው ወገን ወደ ታች ይሁን።

ወዲያው ይልፈሰፈሳል፣ ዘይትም ይጠጣል

ዘይቱ አልጋለም፣ ወይም ብዙ በአንዴ ጨምራችሁ አቀዝቅዛችሁታል። 175 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ ቁራጭ ሊጥ ጣሉበት፤ ወዲያው አረፋ እያወጣ ከተንሳፈፈ ደርሷል። ሲወጣ ወንፊት ላይ አቁሙት እንጂ አትደራርቡት፣ አትክደኑትም። ከደረቀ በኋላ የሚያልፈሰፍሰው የራሱ እንፋሎት ነው።

ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው

እሳቱ በዝቷል። ከፍሪዘር የወጣ ከሆነ አታቅልጡት፤ ሲቀልጥ ሊጡ ይርሳል። እንደወጣ በመለስተኛ እሳት ረዘም አድርጋችሁ ጥበሱት። ውስጡ ቀድሞ የበሰለ ስለሆነ የሚፈልገው መሞቅ ብቻ ነው።

ጨው በዝቶበታል

ከተጠቀለለ በኋላ መፍትሄ የለውም፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ዓሣውን ቅመሱ። ቲናፓ ጨዉን ይዞ ስለሚመጣ ሶያ ሶስም የዓሣ ሶስም ሳትጨምሩ ጀምሩ። ዓሣውን ማጠብ ጭሱንም አብሮ ስለሚወስደው እኔ አልመክርም። ተቀቅሎ የተፈጨ ድንች ወይም ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ፣ አይብ የሚመስል ምግብ) ብትቀላቅሉበት ይሻላል።

የጭሱ ጣዕም ጠፍቷል

ዓሣው ከአትክልቱ ጋር ብዙ ተማስሏል። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ጨምራችሁ በቀስታ ብቻ ቀላቅሉት፤ ደቅቆ ዱቄት ከሚሆን ጉርድ ጉርድ ቢል ይሻላል። ጣዕሙ ከመረረ ደግሞ ነጭ ሽንኩርቱ አርሯል፣ ወይም የጠቆረው ቆዳ አብሮ ገብቷል።

እሾህ ይገኝበታል

ባንጉስ በጣም ደቃቅ እሾህ አለው። በማሽን አትፍጩት፤ በጣት እየዳበሳችሁ ፈልፍሉት፣ ሁለተኛም ድገሙት። ልጆች የሚበሉት ከሆነ ይህን ሥራ ለሌላ ሰው አትተዉት።

ሊጡ ይሰነጠቃል

አየር አድርቆታል። በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ አንድ አንድ እያነሳችሁ ሥሩ።

ቲናፓ በማይገኝበት አገር፣ ለምሳሌ አውሮፓ፣ በጭስ የበሰለ ማካሬል በደንብ ይተካዋል፤ ቅባታም ስለሆነ የአትክልቱን ዘይት ቀንሱ። በስሱ ተቆርጦ የሚሸጠው ሳልመን ግን ጭስ ቢነካውም በእሳት አልበሰለም፤ ለዚህ አይሆንም።

ዓሣው ገና ሳይሠራ ቢያሙለጨልጭ ወይም ኮምጠጥ ያለ ሽታ ቢያመጣ ጣሉት። ጭስ ስላገኘው ብቻ ከፍሪጅ ውጭ አይቆይም፤ መጥበስም የተበላሸን ዓሣ አያድነውም።