«ቁርጥ ኬኔዲን!» ከማለታችሁ በፊት

2000 ዓ.ም. ነው፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ገደማ። ያኔ የስድስት ኪሎ ተማሪ ነበርኩ። ከግቢ ወጥተን ወደ አራት ኪሎ ስንወርድ አንዲት ጀበና ቡና ነበረች፤ አራት በርጩማ፣ አንድ ከሰል ማንደጃ፣ አለቀ። እዚያ ቁጭ ብዬ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ይሄ ኦባማ የሚሉት ሰውዬ ቁርጥ ኬኔዲን ነው» አልኩ። ማስረጃ ነበረኝ፣ ወይም ያለኝ መስሎኝ ነበር። የኬኔዲ ልጅ ካሮላይን «እንደ አባቴ ያለ ፕሬዚዳንት» ብላ ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ጽፋለች፤ በማግስቱ ደግሞ የኬኔዲ ታናሽ ወንድም ሴናተር ቴድ ኬኔዲ ዋሽንግተን ላይ መድረክ ወጥቶ ኦባማን ደግፏል። ልጅና ወንድም ከመሰከሩ እኔ ማን ነኝ?

ከጎኔ አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ፣ ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ» የሚላቸው። ሲኒያቸውን ሳያስቀምጡ፣

«የትኛውን ኬኔዲ?» አሉኝ።

«እንዴት የትኛውን ጋሼ? ኬኔዲን ነዋ።»

«ሳይሞት የነበረውን ነው የምትለው፣ ከሞተ በኋላ ያለውን?»

መልስ አልነበረኝም። ስሙ የተጻፈበት ኬኔዲ ላይብረሪ ውስጥ ስንት ሌሊት አጥንቻለሁ፣ ስለ ሰውዬው ግን ከፎቶው በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም።

እሳቸው ያውቁታል። 1955 ዓ.ም. ላይ ኬኔዲ የላካቸው አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች፣ ፒስ ኮሮች፣ ሲመጡ አንዱ እሳቸውን እንግሊዝኛ አስተምሯል። ኬኔዲ የተገደለ ቀን ደግሞ ኅዳር 12 ቀን 1956 ነበር፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፤ ዳላስ ላይ ጥይቱ ሲተኮስ እኛ ጋ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ኅዳር የታጠነበት ጭስ ከየሰፈሩ ገና አልጠፋም። ሰኞ ያ አሜሪካዊ አስተማሪ ክፍል ገባ፣ ጠመኔ አነሳ፣ ወደ ሰሌዳው ዞረ፣ እንደዞረ ቀረ። «ከዚያ ቀን በኋላ» አሉኝ ጋሼ፣ «ስለ ኬኔዲ ክፉ የሚናገር ሰው አላየሁም። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው።»

እንግዲህ አንድ አንደበተ ርቱዕ ዕጩ ሲነሳና እጃችሁ «ቁርጥ እገሌን!» ብሎ ለመለጠፍ ሲያሳክካችሁ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ልንገራችሁ። ምሳሌዬ ኦባማና ኬኔዲ ናቸው፤ እኔ የተሸነፍኩት በነሱ ስለሆነ። የአሜሪካ ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መጀመሪያ ዓመቱን ቁረጡ

ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው፣ ሌላውን ብትረሱ ይሄን አትርሱ። ዕጩ የሚወዳደረው ከዕጩ ጋር ነው። 2008 ላይ ያለውን ኦባማ የምታስቀምጡት 1960 ላይ ካለው ኬኔዲ ጎን እንጂ ጃንሆይ ከፈረንሳዩ ዲ ጎል ጋር አስከሬኑን በእግር ከሸኙት ኬኔዲ ጎን አይደለም።

የ1960ውን ኬኔዲ ስታዩት ደግሞ ሰውዬው ያንሳል። ከ68 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ በሰጠበት ምርጫ ተቀናቃኙን ኒክሰንን የበለጠው በ113 ሺህ ገደማ ነው። የአገሩ ግማሽ አልፈለገውም ማለት ነው። ኦባማ በአንፃሩ በ9 ሚሊዮን ተኩል ገደማ በልጦ ነው ያሸነፈው። በልምድ በኩል ግን ይገለበጣል፤ ኬኔዲ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ኮንግረስ ውስጥ 14 ዓመት ሊሞላው ነበር፣ ኦባማ በዋሽንግተን ሴናተርነቱ አራት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት ውስጥ ወደ ስምንት ዓመት አለው፣ እሱን ትቆጥሩለታላችሁ ወይስ አትቆጥሩለትም? ይሄን ወስኑ፣ ከወሰናችሁም ለሁለቱም እኩል ቁጠሩ።

ዓመቱን ስትቆርጡ ያላሰባችሁት እውነተኛ መመሳሰልም ብቅ ይላል። ኬኔዲ ካቶሊክ ስለነበር «ይሄ ሰው የሚታዘዘው ለጳጳሱ ነው» ይሉት ነበር፤ መስከረም 1960 ሂውስተን ሄዶ የፕሮቴስታንት ሰባኪዎች ፊት ቆሞ መልስ ሰጠ። ኦባማ ደግሞ የራሱ ፓስተር ስብከት መዘዝ ሲያመጣበት መጋቢት 2008 ፊላደልፊያ ላይ ስለ ዘር ያንን ረጅም ንግግር አደረገ። ሁለቱም ለአንድ ጥያቄ ነው የመለሱት፤ «አንተ የኛ ነህ ወይ?» ይሄ ጥሩ ንጽጽር ነው። ያን ቀን ይሄን ባውቅ ኖሮ ጋሼን አፋቸውን አስይዛቸው ነበር። ወይ ላላስይዛቸው እችላለሁ።

በምን?

«እንደ» የምትለው ቃል ብቻዋን ሰነፍ ናት። በድምፁ? በዕድሜው? በአቋሙ? ፀጉሩን በማበጠሩ? የሚመስልበትን ነገር አንድ ብቻ ጥቀሱ፣ ቢበዛ ሁለት።

ይሄም ቢሆን አያድናችሁ ይሆናል። 1988 ላይ ዳን ኩዌል የሚባል ወጣት የምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩ ልምድ ያንስሃል ሲሉት በኮንግረስ ያለኝ ልምድ ኬኔዲ ሲወዳደር ከነበረው አያንስም አለ። ብትቆጥሩት ብዙም አልዋሸም፣ 12 ዓመት ገደማ ነበረው። ግን በክርክሩ ከፊቱ የቆሙት የሌላኛው ፓርቲ ምክትል ዕጩ፣ ሽማግሌው ሎይድ ቤንትሰን ነበሩ። ጃክ ኬኔዲን አውቀዋለሁ፣ ጓደኛዬ ነበር፣ አንተ ጃክ ኬኔዲ አይደለህም አሉት። አዳራሹ ተናጋ። ልጁ ያወራው ስለ ዓመት ብዛት፣ ሰው የሰማው ስለ ማንነት። ስለዚህ በትልቅ ስም ትንሽ ነገር ስትለኩ መጀመሪያ ትንሿን ነገር ተናገሩ፣ ስሙን ከኋላ አምጡት። (በነገራችን ላይ ምርጫውን ያሸነፉት እነ ኩዌል ናቸው፣ ያውም በ40 ክፍለ ግዛት። ያቺን አባባል ዛሬም የሚደግም ሁሉ ይሄን አይነግራችሁም።)

ምስክሩ ማን ነው?

ዘመድ ሲመሰክር ልብ ይነካል፤ ግን ዘመድ ሁሉ አንድ አፍ የለውም። ካሮላይንና ቴድ ለኦባማ ሲቆሙ የሌላው ወንድም፣ የሮበርት ኬኔዲ፣ ሦስት ልጆች ለተፎካካሪው ለሂላሪ ክሊንተን ቆመዋል። እኔ ይሄን አልሰማሁም ነበር፣ የምፈልገውን ነው የሰማሁት።

ዕጩው ራሱ ሲያወዳድር ደግሞ በእጥፍ ተጠንቀቁ። ኦባማ መጋቢት 2007 ሰልማ ላይ ኬኔዲዎች የአፍሪካ ተማሪዎችን ወደ አሜሪካ ለማምጣት ገንዘብ ሰጥተው አባቴም በዚያ መጣ የሚል ታሪክ ተናገረ። ደስ ይላል፣ ኬንያዊውን አባትና ኬኔዲን በአንድ ክር ይሰፋል። ችግሩ አባትየው ሃዋይ የገባው 1959 ነው፣ የኬኔዲ ቤተሰብ ገንዘብ የመጣው 1960። ኋላ ጋዜጠኞች ሲያጣሩት የምርጫ ዘመቻው ራሱ ስህተቱን አምኗል። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይመስለኝም። ታሪክ ሲያምር ማንም ቀን አይቆጥርም። እናንተ ግን ቁጠሩ።

ጥፋቱንም አሸክሙት

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ኬኔዲን ሙሉውን ማየት ግድ ነው። ሥልጣን በያዘ በሦስት ወሩ ስደተኛ ኩባውያንን አስታጥቆ ወደ ኩባ ላከ፤ ከ1400 ገደማ ሰዎች ከ1100 በላይ ተማረኩ። በምርጫው ዘመቻ ሶቭየቶች በሚሳይል ጥለውን ሄዱ እያለ ሲያስፈራራ ነበር፣ በኋላ ሲታይ እንዲያውም አሜሪካ ነበረች የምትበልጠው። ያ ሁላችንም የምናውቀው ወጣት፣ ፀሐይ የመታው፣ ጤና የሞላበት ፊት ደግሞ የበሽተኛ ፊት ነበር፤ አዲሰን የሚባል የዕጢ በሽታ ነበረበት፣ የዘመቻው ሰዎች ግን በ1960 የለበትም ብለው ክደዋል።

ስለዚህ «እንደ ኬኔዲ ወጣትና ብርቱ» ስትሉ ዕጩውን የምታመሳስሉት ከሰው ጋር ሳይሆን ከፎቶ ጋር ነው።

ከሞተ በኋላ የተሠራለትንም ለዩ። የሲቪል መብት ሕጉን ያቀረበው ኬኔዲ ነው፣ አሳልፎ 1964 ላይ የፈረመው እሱን የተካው ጆንሰን። ጨረቃ ላይ እንወጣለን ብሎ 1961 ቃል ገባ፣ ሰው ጨረቃን ሲረግጥ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የነበረው ያ በ1960 የተሸነፈለት ኒክሰን ነው። ዕጩያችሁ ገና ቃል ገቢ ነው፣ ጨራሾቹ አልተወለዱለትም።

ወረቀቱ

ደረሰኝ ጀርባም ይበቃል። ለሁለት እጠፉት። በግራ የድሮው መሪ ገና ዕጩ ሳለ፣ በቀኝ የአሁኑ። ዕድሜ፣ ልምድ፣ ማን ፈራው፣ ምን ቃል ገባ፣ ምን ደበቀ። ባዶ የቀረ ቦታ ካለ አንብባችሁ ሙሉት፣ ካልሞላ ስለዚያ ነገር ዝም በሉ። ከዚያ እንዲህ ያለች ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ «እገሌ በዚህ ዓመት፣ በዚህ ነገር፣ የዚያን ዓመቱን እገሌን ይመስለኛል፤ በዚህኛው ግን አይመስለውም።» ትረዝማለች፣ ላይክ አታመጣም። ቡና ላይ ግን ማንም አይረታችሁም።

በእኛ አገር ሰው ከሞከራችሁት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። «እንደ ምኒልክ» ማለት ቀላል ነው፤ ምኒልክ ግን ድምፅ ለምነው አያውቁም፣ ዕጩ የነበሩበት ዓመት የለም። የዛሬው ፕሬዚዳንታችንም የሚመረጠው በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው፣ አደባባይ ወጥቶ የሚቀሰቅስ የለም። ወረቀቱ በግራ በኩል ባዶውን ይቀራል። እኔ ተውኩት።

ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ኦባማ ራሱ አዲስ አበባ መጣ፣ በሥልጣን ላይ እያለ ኢትዮጵያን የረገጠ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት። መንገዱ ተዘጋግቶ እኔና ጋሼ ያችው ቡና ጋ ተገናኘን፣ አሁን ቴሌቪዥን ገብቶላታል። አፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ቆሞ ድጋሚ ብወዳደር የማሸንፍ ይመስለኛል፣ ሕጉ ግን አይፈቅድልኝም ሲል አዳራሹ ሳቀ።

«እና ጋሼ፣ አሁንስ እንዴት አዩት? ኬኔዲን ይመስላል?»

መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«ሸብቷል» አሉ። «ኬኔዲ አልሸበተም።»

ከዚያ ሁለተኛ ሲኒ አዘዙና ቤታቸው በእግር መግባት እንዳለባቸው እያሰቡ መንገድ የዘጉትን ማማረር ጀመሩ።