ጣና ዳር የወፍ ፎቶ ሲበላሽ፦ ችግሩ፣ መነሻውና መፍትሄው

ከጥቅምት እስከ መጋቢት የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የመጡ ዳክዬዎችና ክሬኖች (አንገተ ረጅም፣ እግረ ረጅም ትልልቅ ወፎች) በጣና ዳር ረግረግና ማሳ ላይ ይሰፍራሉ። ፎቶው አልሳካ ሲል ብዙ ሰው ሌንሱን ይወቅሳል። ከሌንሱ በፊት ግን የቆማችሁበትን ቦታ፣ ሰዓቱንና ነፋሱን መርምሩ፤ የአብዛኛው ችግር ሥር እዚያ ነው።

ፎቶው ሁሉ ደብዝዟል

መነሻው ሦስት ዓይነት ሊሆን ስለሚችል በመጀመሪያ ለዩት። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጋችሁ ውኃ ውስጥ የቆመ ጉቶን በ1/2000 ሰከንድ የሹተር ፍጥነት አምስት ጊዜ አከታትላችሁ አንሱ። በእያንዳንዱ ፎቶ የጉቶው ጠርዝ በተለያየ መልክ የተንሻፈፈ ከሆነ ጥፋቱ የአየሩ ነው፤ ፀሐይ ያሞቀችው አየር ከማሳውና ከጭቃው እየተነሳ ምስሉን ያርገበግበዋል። ይህን የትኛውም ውድ ሌንስ አያስተካክለውም። መፍትሄው ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት መጨረስ ወይም ወፉ ወደ እናንተ እስኪጠጋ መጠበቅ ነው። አምስቱም እኩል ከደበዘዙ ሌንሱ ፊት ያለውን ርካሽ መከላከያ መስታወት አውልቃችሁ ድገሙት፤ በ400 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሌንስ ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል። ጉቶው ጥርት ብሎ ወፉ ብቻ በእንቅስቃሴው ከተጎተተ የሹተሩ ፍጥነት አንሷል፦ ለሚዋኝ ዳክዬ 1/500፣ ለሚያርፍ ክሬን 1/1250፣ ክንፉን ቶሎ ቶሎ ለሚያማታ ዳክዬ ከ1/2500 አትውረዱ። ጠዋት ብርሃን ሲያንስ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) እስከ 3200 ለቀቅ አድርጉት። ትንሽ ፍርፍር ያለበት ፎቶ ከተጎተተ ፎቶ ይሻላል።

ወፉ ጥቁር ጥላ ሆኖ ወጣ

ይህ በካሜራ ከመታረሙ በፊት በካርታ ይታረማል። በእነዚህ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው የምትሄደው። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ስላለች፣ ከከተማው ዳርቻ ወደ ሰሜን ለሚያይ ሰው ብርሃኑ ከጀርባው ወይም ከጎኑ ይመጣለታል፤ ለፎቶ የታደለ ዳርቻ ነው። ጠዋት ፊታችሁን ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ማታ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አዙሩ። በፎገራ በኩል፣ በምሥራቁ ዳር፣ ወደ ሐይቁ የሚነሳው ፎቶ የጠዋት ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዓይናችሁ ውስጥ ትገባለች። በምዕራቡ ዳር ነገሩ ይገለበጣል።

ቦታ መቀየር ካልቻላችሁ፣ በነጣ ሰማይ ላይ ለሚበር ጠቆር ያለ ወፍ የኤክስፖዠር ማካካሻውን (ፎቶውን የሚያደምቀውንና የሚያጨልመውን ማስተካከያ) ከ+1 እስከ +1.7 አድርጉ። ሰማዩ ይነጣል፤ የክንፉ ሥር ግን ይታያል።

የፔሊካኑ ላባ ነጭ ወረቀት መሰለ

የተገላቢጦሹ ችግር ነው። ነጭ ወፍ ጥቁር አረንጓዴ ደንገል ፊት ሲቆም ካሜራው ደንገሉን አይቶ ብርሃን ይጨምራል። ማካካሻውን −1 አድርጉና የጎላው ብርሃን ማስጠንቀቂያ (ከመጠን በላይ የነጣውን ቦታ በስክሪኑ ላይ የሚያሳየው) ላባው ላይ መብለጭለጩን እስኪያቆም ዝቅ አድርጉት። በራው (ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሱ።

የማገኘው ጭራና ጀርባ ብቻ ነው

የውኃ ወፍ የሚነሳውም የሚያርፈውም ወደ ነፋሱ ዞሮ ነው። ቀን ላይ የብሱ ሲሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ መሬት ይነፍሳል፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር በኩል የቆመ ሰው የሚነሳውን መንጋ ከጭራው ያያል። ሌሊት የብሱ ሲቀዘቅዝ ነፋሱ ስለሚገለበጥ፣ በማለዳ ያው መንጋ ወደ እናንተ ዞሮ የመነሳት ዕድሉ ሰፊ ነው። ደረቅ ሣር ቆንጥራችሁ ልቀቁና ወዴት እንደሚሄድ እዩ፤ ከጀርባችሁ ወደ ውኃው ከሄደ ቦታችሁ ትክክል ነው።

ምልክቱንም ልመዱ። ክሬን ሊነሳ ሲል አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ ሰውነቱን ያዘነብላል፤ አጠገቡ ያሉትም እየተከተሉት ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። ያኔ ጣታችሁ ሹተሩ ላይ ይሁን። እንደ ጭራ ሹሉ ዳክዬ ያሉ ጥልቀት በሌለው ውኃ የሚለቅሙት ከውኃው ቀጥ ብለው ወደ ላይ ስለሚፈናጠሩ ከወፉ በላይ ባዶ ቦታ ተዉ። ጠላቂዎቹ ግን ውኃውን እየረገጡ ይሮጣሉ፤ ለእነሱ ቦታው ከፊታቸው ነው።

ፎከሱ ደንገሉን ይይዛል

ሰፊውን የኦቶፎከስ መስክ ትታችሁ አንድ ነጥብ ወይም ትንሽ የነጥብ ስብስብ ምረጡ፤ ፎከሱ ተከታታይ ይሁን። ሌንሱ ላይ የርቀት መገደቢያ ካለ በቅርብ ያለውን ሣር እንዳይፈልግ ሩቁን ብቻ እንዲፈልግ አድርጉት። ወፍን የሚለይ ካሜራ እንኳ በደንገል መሃል ይሳሳታል።

ከጀልባ ያነሳሁት ሁሉ ተንቀጥቅጧል

የሞተሩ ንዝረት በእንጨቱ አልፎ ወደ ክርናችሁ ይመጣል። ክርናችሁን ከጀልባው ጠርዝ አንሱና ከደረታችሁ አጣብቁ፤ ትራይፖዱን ዳር ላይ ተዉት። ከመነሳታችሁ በፊት ለጀልባ ነጂው «ወንድሜ፣ ወፎቹ ጋ ሳንደርስ ሞተሩን አጥፋልን፣ ነፋሱ ይወስደናል» በሉት። ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ስለሚበረታ የጀልባ ፎቶ የጠዋት ሥራ ነው። የሕይወት አድን ጃኬት ልበሱ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ፣ ለወፍ ብላችሁ ወደ ደንገሉ አትጠጉ።

ሳልደርስ ይበራሉ

ቀጥ ብላችሁ እየሄዳችሁባቸው ነው። አንገታቸውን ሽቅብ ካቆሙና መልቀም ካቆሙ ርቀቱን አልፋችኋልና ቁሙ፤ ካልተረጋጉ ወደ ኋላ ተመለሱ። እነዚህ ወፎች የመልስ ጉዞ ስንቃቸውን የሚያጠራቅሙት እዚህ ነው። በተነሱ ቁጥር ያንን ስንቅ ያቃጥላሉ፤ አንድ ፎቶ ደግሞ ያን ያህል አያወጣም።

ለክሬን የሚያዋጣው መከተል ሳይሆን መቅደም ነው። ክሬኖች ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፣ ጠዋት ወደ ታጨደ ማሳ ይወጣሉ፤ ከሐይቁ ዳር ባለው የጭምባ ረግረግ በኩል ይህን ማየት ይቻላል። ቀደም ባለው ቀን የማሳውን ባለቤት «አባቴ፣ ነገ በማለዳ እዚህ ዳር ብቀመጥ ይፈቅዱልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጨለማው ሳይገፍ፣ ከማደሪያቸው ራቅ ብላችሁ በነጠላ ወይም በአፈር ቀለም ጨርቅ ተሸፍናችሁ ተቀመጡ። ነጠላው ግን ነጭ ከሆነ ጋቢ ሥር ይግባ፤ ጋቢውም ነጭ ከሆነ እቤት ይቅር። የመጨረሻው መንጋ ሳይወጣ አትነሱ።

ካሜራው በመሃል ደርቆ ቀረ

የካሜራው ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ሞልቶ ፎቶዎቹን ወደ ካርዱ እየገለበጠ ነው። ከመጀመሪያው ክንፍ ጀምሮ ጣታችሁን አትጫኑ፤ ከአራት እስከ ስድስት ፎቶ አንስታችሁ ልቀቁ፣ ከዚያ ድገሙ። ካርዱ ዘገምተኛ ከሆነ የተጨመቀውን ራው ምረጡ።