ሳንባ ነቀርሳ፦ ታማሚና ቤተሰብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሳሉን «ብርድ ነው» ብሎ ማሳደር። ጎጃም ውስጥ፣ በተለይ በጮቄ ዙሪያ ባለው ደጋ፣ ሰው ሲያስለው መጀመሪያ የሚባለው «ብርድ መትቶት ነው» ነው። ዝንጅብል በማር፣ ፌጦ፣ ጤና አዳም እየተባለ ወር ያልፋል። ሳንባ ነቀርሳን (ቲቢን) የሚያመጣው ግን ብርድ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው፤ ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1882 ለይቶ አሳውቆታል። የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲያወራ በአየር ይተላለፋል። ስለዚህ በር ተዘግቶ፣ መስኮት በሌለው ቤት ልጆች ከሚያስለው ሰው ጋር ባደሩ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው ደም እስኪታይ አትጠብቁ፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የሌሊት ላብ፣ ትኩሳትና መክሳት ካለ ደግሞ ይበልጥ ያስቸኩላል። አንገት ላይ የሚቆይ እብጠትም የዕጢ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል በእሳት ከማስተኮስ በፊት ይመርመር።

በአክታ ፈንታ ምራቅ መስጠት። ለአክታ ምርመራ ክዳን ያላትን ዕቃ ከጤና ጣቢያ ተቀብሎ፣ አፍሮ፣ ጥግ ሄዶ እንትፍ ብሎ የሚመለስ ብዙ ነው። በዚያ ምክንያት በሽታው እያለ ምርመራው ላያገኘው ይችላል። ሜዳ ላይ ቆሞ፣ አየር በረጅሙ ስቦ፣ ከደረት አስሎ ማውጣት ነው።

ሲሻል ክኒን ማቆም። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀሪዎቹ 4 ወራት ሁለት ዓይነት። ከሳምንታት በኋላ ሳሉ ይቀንሳል፣ ምግብ ይወሰዳል፣ እርሻው ይጣራል። ባክቴሪያው ግን ገና አላለቀም። ያኔ ያቋረጠ ሰው በሽታው ሊያገረሽበት፣ ይባስ ብሎ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሊይዘው ይችላል። ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወይም ሁመራ የምትወርዱ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ለጤና ባለሙያው ንገሩ፤ የዝውውር ወረቀት ይዛችሁ በምትሄዱበት ትቀጥላላችሁ። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው።

ሽንት ቀላ ብሎ መደንገጥ። ሪፋምፒሲን ከሚባለው የቲቢ መድኃኒት የሚመጣ ቀለም ነው፣ ደም አይደለም። ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ትውከት ከበዛ ግን በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም። ጉበትን ስለሚጎዳ በሕክምናው ወራት አረቄ ይቅር።

ጸበል ሲገቡ መድኃኒት መተው። ጸበሉንም ክኒኑንም መያዝ ይቻላል። «መድኃኒት ይዤ ልግባ ወይ» ብላችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ሕክምና ሳይጀምሩ ብዙ ሰው በሚያድርበት የጸበል ማረፊያ መሰንበት ግን ለሌላውም ያስተላልፋል።

ሰሃንና ኩባያ መለየት። ቲቢ በዕቃ አይተላለፍም፤ ታማሚውን ብቻውን ማብላት ቅስሙን መስበር ነው። የሚጠቅመው በርና መስኮት መክፈት፣ ሲስል አፉን በጨርቅ መሸፈን፣ አብረው የሚኖሩትን ሁሉ ማስመርመር ነው። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ኤችአይቪ በደማቸው ያለ የቤተሰብ አባላት፣ ባይታመሙም እንኳ መከላከያ መድኃኒት ስለሚሰጣቸው፣ ታማሚው ክኒን በጀመረበት ሳምንት ይዛችኋቸው ሂዱ።