ኤአይን ያለ ኢንተርኔት በራስህ ሊኑክስ ላይ ማስነሳት

ሰው የጤናውን የትዳሩን የስራውን ጉዳይ ሁሉ ለቻትቦት ሲጽፍ ሳይ በጣም ያሳስበኛል፣ ያ ሁሉ እኮ የሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ነው የሚሄደው። ራስህ ማሽን ላይ ማስነሳት ደግሞ ያን ያህል ከባድ አይደለም።

መጀመሪያ ራምህን እይ። 8 ጊጋ ከሆነ ከ3 እስከ 4 ቢሊዮን ፓራሜትር (የሞዴሉ ትልቅነት የሚለካበት) ያላቸውን የኤአይ ሞዴሎች ያዝ፣ 16 ካለህ የ8 ቢሊዮኖቹም ይሄዳሉ፣ ወደ 4 ቢት የተጨመቀው ፋይል 5 ጊጋ አካባቢ ነው። ግራፊክስ ካርድ ባይኖርህም ይሰራል፣ ይዘገያል እንጂ።

ከዛ ኦላማ የሚባለውን ሞዴል አውርዶ የሚያስነሳ ፕሮግራም ጫን፣ ኦፕን ሶርስ ነው። ሞዴሉን ተርሚናል ላይ በስሙ ጠርተህ ታወርደዋለህ፣ ላማ ወይ ጌማ ወይ ኩዌን፣ ግን ስሙ ላይ ክላውድ የሚል ያለበትን እንዳትነካ፣ እሱ ጥያቄህን ወደ ውጭ ነው የሚልከው። ወርዶ ሲያልቅ ዋይፋይህን አጥፋና ጠይቀው፣ ከመለሰልህ እዛው አንተው ጋር ነው ያለው ማለት ነው።

ኦላማ ጥያቄ የሚቀበለው ፖርት 11434 በሚባል የግንኙነት በር ላይ ነው፣ በዲፎልት ከራስህ ማሽን ውጭ ለማንም አይከፈትም፣ ሰው ቀይረው ቢልህም የሚያዳምጥበትን አድራሻ ወደ 0.0.0.0 እንዳትቀይረው፣ ኔትወርኩ ላይ ያለ ሁሉ ያለ ፓስወርድ ይገባበታል። ተርሚናል ላይ የጻፍከው ጥያቄም ሂስትሪ ፋይል ውስጥ ይቀራል፣ ላፕቶፕህን ሌላ ሰው የሚነካው ከሆነ ፋይሉን አጥፋው፣ ሊኑክስን ስትጭን ደግሞ የዲስክ ኢንክሪፕሽኑን አብራው።