የአማርኛ መጽሐፍን ከውስጥ ወደ ሽፋን መንደፍ

ደራሲ ወደ ግራፊክ ዲዛይነር ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሽፋኑን ነው፤ ይሁንና የመጽሐፉ ውፍረት የሚታወቀው የውስጡ ገጾች ሲያልቁ ስለሆነ፣ ሽፋኑን አቆይቶ ከውስጥ መጀመር ይበጃል።

ጽሑፉ እንደ ደረሰ የተለቀመበት ፎንት ይጣራ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ (ለየፊደሉ አንድ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት) ውስጥ ከመግባቱ በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተለቀመ ጽሑፍ ፎንቱ ሲለወጥ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ስለሚሆን፣ ወደ ዩኒኮድ ተቀይሮ ከዋናው ጋር መመሳከር አለበት። ሁለት ነጥብ ደጋግሞ በመምታት የተሠራው «፡፡» ሁሉ በእውነተኛው አራት ነጥብ «።» ይተካ።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚወስደው የገጹ አቀማመጥ ነው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለው ሆሄያቱ ከሞላ ጎደል በአንድ ቁመት ተሰልፈው መስመሩን ጥቅጥቅ ያደርጉታል፤ ስለዚህ ለላቲን ጽሑፍ የሚበቃው የመስመር ርቀት ለአማርኛ ይጠብባል። እኔ ለ11 ፖይንት (የፊደል መጠን መለኪያ) ፊደል ከ16 እስከ 17 ፖይንት የመስመር ርቀት እሰጣለሁ። ርዕስን በመጠንና በባዶ ቦታ መለየት ይሻላል፤ ደማቅ ቅርጽ የሌለውን ፎንት ሶፍትዌሩ በግድ ሲያደምቀው የ«ሟ» እና የ«ጬ» ዓይን፣ ማለትም በውስጣቸው ያለው ክፍተት፣ ይደፈናልና። ፊደልን ማጋደምም ከብራና ጸሐፊዎቻችን የወረስነው ልማድ አይደለም፤ እነርሱ ለይተው ማሳየት ሲፈልጉ ቀይ ቀለም ያነሡ ነበር። በኤ5 (የኤ4 ግማሽ በሆነ) ገጽ ላይ ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን የተደረገ ጽሑፍ፣ እንደ «እንደሚያስፈልጋቸውም» ያሉ ረጃጅም ቃላት ሲገጥሙት በቃላቱ መካከል ሰፊ ክፍተት ይተዋል፤ ያን ጊዜ ኅዳጉን ጥቂት ማጥበብ ወይም ቀኙን ሳያስተካክሉ መተው እንጂ ፊደሉን መለጠጥ አይገባም።

ሽፋኑ የሚሠራው ከዚህ በኋላ ነው። 240 ገጽ ማለት 120 ቅጠል ነው፤ የአንዱ ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ቢሆን የጥራዙ ጎን 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ትክክለኛውን ውፍረት ከማተሚያ ቤቱ ይጠይቁ፤ እኔ በግምት የሠራሁት አንድ ሽፋን ከጎኑ ላይ ሊቀመጥ የሚገባው ርዕስ ወደ ፊት ገጹ ተንሸራቶ ታትሟል። ምስሉ ከመቁረጫው መስመር 3 ሚሊ ሜትር አልፎ ይውጣ፤ ጥቁር ጽሑፍም በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ቅልቅል ሳይሆን በጥቁር ቀለም ብቻ ይታተም። ፋይሉ ከመላኩ በፊት ጥቂት ገጾችን በእውነተኛ መጠናቸው በወረቀት አትሞ፣ ጽሑፉን ከዚያ ቀደም ላላየ ሰው ሰጥቶ ማስነበብ ያስፈልጋል።