የዓሣ ገንዳችሁ አረንጓዴ ሲሆን ምን ማድረግ አለባችሁ

መስታወቱ አረንጓዴ ሆኖ ዓሦቹ አልታይ ሲሉ ብዙ ሰው ውሃውን በሙሉ ደፍቶ ገንዳውን በሳሙና መፈተግ ያምረዋል። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። ውሃው በአንዴ ሲለወጥ ዓሦቹ ይጎዳሉ፣ ፊልተሩና ጠጠሩ ላይ የሚኖሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም አብረው ታጥበው ይሄዳሉ። የሳሙና ቅሪት ደግሞ ዓሣ ይገድላል። ይሄ ሁሉ ሆኖ አረንጓዴው ነገር፣ ማለትም አልጌው፣ ይመለሳል፣ ምክንያቱም ያመጣው ነገር አልተነካም።

አልጌ የሚፈልገው ብርሃንና ምግብ ነው። ምግቡ ከዓሦቹ ቆሻሻና ሳይበላ ከቀረው መኖ የሚመጣው ናይትሬትና ፎስፌት ነው። ብርሃኑንና ምግቡን ካልቀነሳችሁ መፋቁ ብቻውን ከንቱ ልፋት ነው።

መጀመሪያ ብርሃኑን አስተካክሉ። ገንዳው መስኮት አጠገብ ሆኖ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ከሆነ መስኮቱን በመጋረጃ ሸፍኑ። ገንዳውን ማንሳት ከፈለጋችሁ ግን ውሃ ሞልቶ እያለ አትሞክሩት፣ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። መብራቱ በቀን ለ6 ወይም ለ8 ሰዓታት ያህል ቢበራ ይበቃል። ማጥፋት የምትረሱ ከሆነ ታይመር ግጠሙለት፤ ለዚህ ችግር ከታይመር የተሻለ ዕቃ ያለ አይመስለኝም።

ቀጥሎ ፋቁ። ለመስታወት ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ በደንብ ይሠራል፣ ገንዳው ፕላስቲክ ከሆነ ግን ስለሚጫር ለስላሳ ስፖንጅ ብቻ ተጠቀሙ፣ እሱም ሳሙና ነክቶት የማያውቅ መሆን አለበት። እንደ ክር የተንጠለጠለውን በጥርስ ብሩሽ ጠቅልላችሁ አውጡት። ውሃ የምትቀይሩት ከፋቃችሁ በኋላ ነው፣ የተፋቀው አብሮ እንዲወጣ።

ውሃውን ስትቀይሩ ሩብ ያህሉን በቱቦ ሳቡ፣ የቱቦውን ጫፍ ጠጠሩ ውስጥ እያስገባችሁ የተጠራቀመውን ቆሻሻ ጭምር። የምትጨምሩት ውሃ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር የተቀራረበ ይሁን፣ የቧንቧ ከሆነም ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ አድርጉበት። ፊልተሩን በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፤ ከገንዳው በወጣው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል። ውሃውን እንዲህ በየሳምንቱ ቀይሩ።

መኖ ላይ ጨከን በሉ። ዓሣ ባያችሁት ቁጥር የራበው ይመስላል፣ አትሸወዱ። በ2 ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ ያህል ብቻ ስጡ፣ የተረፈውን ወዲያው አውጡ።

መስታወቱ ንጹህ ሆኖ ውሃው ራሱ አረንጓዴ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ ያለው በዓይን የማይታይ ተንሳፋፊ አልጌ ስለሆነ ፍቆ ማውጣት አይቻልም። መብራቱን አጥፉና ገንዳውን በወፍራም ጨርቅ ለ3 ወይም ለ4 ቀን ሙሉ በሙሉ ሸፍኑት። በዚህ ጊዜ የአየር ፓምፑ መሥራት አለበት፣ ምክንያቱም አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል። ሲገለጥ ወዲያው ውሃ ቀይሩ። በአልትራቫዮሌት የሚሠራ ማጣሪያ ያለው ሰው ግን ሽፋኑ ላያስፈልገው ይችላል።

ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆኖ የሚያዳልጥ፣ እንደ ስስ ቆዳ የሚላጥና የሚሸት ነገር ካያችሁ እሱ አልጌ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው። በቱቦ ስባችሁ አውጡት፣ መሸፈኑም ይሠራለታል።

አልጌ የሚበሉ እንስሳትም አሉ። ኔራይት የሚባለው ቀንድ አውጣ ጎበዝ ነው፣ በጨው አልባ ውሃ ውስጥ ስለማይፈለፈልም ገንዳውን አይሞላውም። ፕሌኮ የሚባለውን ዓሣ ግን አስቡበት፤ ስትገዙት ትንሽ ነው፣ የተለመደው ዓይነት ሲያድግ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፣ ለትንሽ ገንዳ አይሆንም። ቶሎ የሚያድጉ የውሃ ተክሎች ደግሞ ናይትሬቱን ቀድመው ስለሚወስዱ አልጌው ይራባል፣ እኔ ከእንስሳቱ በፊት እነሱን ነው የምመርጠው።

አልጌ ገዳይ መድኃኒት የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ከገዛችሁም ማሸጊያውን አንብቡ፤ መዳብ ያለበት ከሆነ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ይጨርሳል። ድንጋዩ ላይ የሚቀረውን ስስ አረንጓዴ ግን ተዉት፣ ዓሦቹን አይጎዳም፣ ቀንድ አውጣዎቹም ይግጡታል።