ከጅማ ሆኖ ኦፔራም ሙዚቃዊ ቴአትርም መዝፈን እንዴት ይጀመራል

ሁለቱንም የሚዘፍን ሰው ድምፁ አንድ ነው፣ አጠቃቀሙ ነው የሚለያየው። ኦፔራ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ማይክ የለም፣ ዘፋኙ ከኦርኬስትራው በላይ የሚሰማው 3,000 ሄርዝ አካባቢ ድምፁ ስለሚጎላ ነው እንጂ ስለሚጮህ አይደለም። ሙዚቃዊ ቴአትር ላይ ግን ማይክ አለ፣ ድምፁ ወደ ወሬ ይጠጋል። አሜሪካዊቷ ዘፋኝና ተዋናይ ኦድራ ማክዶናልድ ኒውዮርክ ያለው ጁሊያርድ የሚባል የኪነጥበብ ትምህርት ቤት ክላሲካል አዘፋፈን ተምራ በፈረንጆቹ 1993 ጨርሳ ብሮድዌይ፣ ማለትም የኒውዮርክ ታላላቅ ቴአትር ቤቶች ላይ፣ ቶኒ የሚባለውን የቴአትር ሽልማት 6 ጊዜ ወሰደች፣ ኦፔራም ዘፍናለች፣ እኔም ከክላሲካሉ ጀምሩ ነው የምለው።

መጀመሪያ ትንፋሽ። እጃችሁን ጎድናችሁ ላይ አድርጉና ጎናችሁ እስኪሰፋ ሳቡ፣ ትከሻ አይነሳ፣ ከዛ "ስስስ" እያላችሁ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ ዛሬ 15 ሰከንድ ከሆነላችሁ ነገ 20 ሞክሩ። ጅማ ውስጥ መንዙማ ሳይሰማ ያደገ ሰው የለም፣ ረጅሙን ስንኝ የት ጋ ተንፍሰው እንደሚይዙት ልብ ብላችሁ ስሙ።

ከዛ ማሟሟቅ። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ስትሮ ከታችሁ እያንጎራጎራችሁ አረፋ አስወጡ፣ 5 ደቂቃ ይበቃል። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከሱ በላይ ልሰማ ብላችሁ እንዳትጮሁ እባካችሁ፣ እኔ እንደዛ አድርጌ 2 ሳምንት ድምፄ ሻክሮብኛል። መሻከሩ ከ3 ሳምንት ካለፈ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ቀጥሎ ጆሮ። ያደግንበት ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፣ ፋ እና ሲ የሉበትም፣ እኛም የምንንሸራተተው እዛው ላይ ነው። ስልካችሁ ላይ የፒያኖ አፕ ጫኑና ሚ–ፋ፣ ሲ–ዶ እያላችሁ በየቀኑ ዝፈኑ፣ ይሰለቻል ግን አትዝለሉት።

አሁን ብዙ ኦፔራ የሚዘፈንበት ጣልያንኛ፣ ብዙ ሰው የሚፈራው ይሄን ነው እኔ ግን በጣም የምወደው፣ ምክንያቱም ግማሹ አፋችን ውስጥ አለ! ከፊደል ገበታችን ሉ ሊ ላ ሌ ሎን ውሰዱ፣ ለ እና ልን ተዉ፣ የቀሩት ለጣልያንኛ አናባቢዎች በጣም ቅርብ ናቸው። አፋን ኦሮሞ የምትችሉ ደግሞ የቁቤ አናባቢዎች 5 ስለሆኑ ይበልጥ ይቀላችኋል። ማጥበቅና ማላላትም ጣልያንኛ ላይ ትርጉም ይቀይራል፣ በዓሉን "ገና" ጠብቆ፣ "ገና ነው" ሲሆን ላልቶ እንደምንለው ማለት ነው፣ ሌላው ሰው ወራት የሚለፋበትን እናንተ ከእናታችሁ ቤት ይዛችሁት መጥታችኋል።

ለሙዚቃዊ ቴአትሩ ግጥሙን መጀመሪያ ለጓደኛችሁ እንደምታወሩ አድርጋችሁ በሉት፣ ስሜቱ ሲገባችሁ ነው ዜማው የሚጨመረው። ከፍ ያለው ኖታ ላይ ጉሮሮ ካመማችሁ ወዲያው አቁሙ፣ ዜማውን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ።

በመጨረሻ ከየዘርፉ 1 ዘፈን አዘጋጁ። ለኦፔራ ፈተና አርያው (ከኦፔራ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን የሚዘፍነው ዘፈን) ሙሉውን ነው፣ ለሙዚቃዊ ቴአትር ግን አሜሪካ ብዙ ጊዜ 16 ወይም 32 ባር (በምት የተከፋፈለ የዜማ ክፍል) ብቻ ነው የሚሰሙት፣ ስለዚህ ምርጡን ቦታ ቆርጣችሁ ያዙ። ስልኩን 3 ሜትር አርቃችሁ ቅዱት፣ ጠጋ ካለ ድምፃችሁ ምን ያህል እንደሚደርስ አይነግራችሁም።